በስሜ የመለሰው ሰው

ባምላኩ «ካሣዬ!» ብሎ ሲጣራ «አለሁ!» ያለው እኔ አልነበርኩም። እኔ ቡናው መሀል ባለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ በአፌ ተደፍቼ ነበር። ገላዬ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ምላሴ ተሳስሮ፣ ግማሽ አፌን ጭቃ ሞልቶት፣ ጆሮዬ ብቻ ቀድሞኝ ነቅቷል። ስሜን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። አሁን ዝም ሲባል ቅርጫታቸውን ጥለው ይደርሱልኛል፣ ትንሽ ልታገሥ ብዬ ስጠብቅ አንድ ድምፅ ከወዲያ በኩል «አለሁ!» አለ። ባምላኩም ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ እንደዚያች ደቂቃ የተከዳሁበት ጊዜ ግን የለም።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ «የሚወድቀው ካሣዬ» ቢሉ የማያውቀኝ የለም። ሁለት መንግሥት ወታደር አድርጎኛል። የመጀመሪያው እኔ ሰሜን ስዋጋለት ወደቀና «የደርግ ወታደር» ተብዬ፣ አንድ ብርድ ልብስ ታቅፌ፣ አባቴ ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ወደ ተከላት ቡና ተመለስኩ። አግብቼ፣ ጦር ሜዳውን ረስቼ ስኖር የባድማ ጦርነት መጣ። ሬዲዮው ልምድ ያላችሁ የቀድሞ ወታደሮች ኑ አለ። ሚስቴ በየነች «ትናንት ያባረሩህ አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ሞኙ ሄድኩ። ከግራ ጆሮዬ በላይ የመድፍ ፍንጣሪ ገባ፤ ሐኪሞቹም ብናወጣው ይብስብሃል ብለው እዚያው ተዉት። ሲያሰናብቱኝ ልብሱንም፣ ጠመንጃውንም፣ ኮዳውንም ቆጥረው ተረከቡኝ። እሷን ፍንጣሪ ግን ማንም መልስ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ እወድቃለሁ። መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል፣ ከዚያ የማውቀው ነገር የለም። አገሩ ደግሞ የሚጥል በሽታ በአረፋው ይጋባል ብሎ ያምናል። ገበያ መሀል ስወድቅ ሰው እንደ እብድ ውሻ ይሸሸኛል። ደፋር የተባለው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ይይዝልኛል፤ እሱም ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ስነቃ ጭንቅላቴ ሥር የታጠፈ ጃኬት አገኘሁ። በጎኔ አስተኝተውኛል። ጃኬቱ የባምላኩ ነበር። ባምላኩ የቤንች ሰው፣ ጴንጤ፣ አሥር አለቃ የነበረ ነው። ፈንጂ አናግቶት ፀሐይ ሲበረታ ራሱን ይዞ ያስመልሰዋል፤ ያለ ባርኔጣ የታየው ቸርች ውስጥ ብቻ ነው ብለን እንቀልድበታለን። አጠገቡ ሙሴና ገሠሠ ቆመዋል። ሙሴ የሸኮ ልጅ ነው፤ ምሽግ ተደርምሶበት ሲያወጡት ጭንቅላቱ ነገር መያዝ ትቷል። የጧቱን ከሰዓት አያስታውሰውም። ገሠሠ ከሁላችንም ወጣቱ ነው፤ ገላው ላይ አንዲት ጭረት የለችም፣ ነገር ግን እጁ ሲንቀጠቀጥ ሻይ አይይዝም። ሦስቱም ያለ ምንም ፍርሃት ነኩኝ። ከበየነች በቀር ወድቄ የነካኝ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ ደቦ ገባን። የአንዱን ቡና ለቅመን ወደ ሌላው እንሄዳለን፤ ማናችንም ብቻውን መሥራት የሚችል አልነበረማ። የእኛ አገር ቡና ደግሞ ጥላ ሥር ነው፤ ዛፉ፣ ኮረሪማው፣ ሐረጉ ተደራርቦ ሁለት ሜትር ማዶ ያለ ሰው አይታይም። ስለዚህ ባምላኩ እንደ ወታደር ቤት ስም መጥራት ጀመረ። ሥራው መሀል ድንገት ይጣራል፣ የተጠራው «አለሁ!» ይላል። አንድ ስም ካልመለሰ ሁሉም ቅርጫቱን ባለበት ጥሎ ይሮጣል። ሕጋችን ይኸው ነበር። የተደፋው ቡና ከጭቃና ከቅጠል ተለቅሞ ስለሚገባ ነጋዴዎቹ «የእናንተ ቡና ከነመሬቱ ነው» እያሉ ይስቁብናል። ይሳቁ። እኔ ስወድቅ የሚይዘኝ እጅ እንዳለ አውቄ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨሁ ሠርቻለሁ።

ያን ቀን የምንለቅመው የባምላኩን ቡና ነበር፤ ከእኔ ቡና ጋር የሚለየን አንዲት ትንሽ ወንዝ ናት። ጎማው ሸተተኝ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ አልደረስኩም። ከዚያ የነገርኳችሁ ነው፤ ቦዩ፣ ስሜ፣ የሰው «አለሁ»። ተመልሶ ጭልም አለብኝ።

ደህና አድርጌ ስነቃ ጭንቅላቴ ሙሴ ጭን ላይ ነበር። ሲዘዋወር አግኝቶኝ፣ ከቦዩ ጎትቶ አውጥቶ፣ ጭቃውን ከአፌ በጣቱ ጠርጎልኛል። ከዚያ ምን ማድረግ፣ ማንን መጥራት እንዳለበት ጠፍቶት ዝም ብሎ ታቅፎኝ ተቀምጧል። ሌሎቹ የመጡት ለምሳ ስንጎድል ነው።

ምላሴ እንደተፈታልኝ «ማነው በስሜ የመለሰው?» አልኩ።

ባምላኩ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ማየት ጀመረ። ገሠሠ ነው የተናገረው።

«ሙሴ ነዋ! ሌላ ማን ይሆናል፣ ጋሼ? የራሱን ስም ከሰው ስም የማይለይ!»

ሙሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየ። «እኔ ነኝ?» አለ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ ከሆንኩ ክፉ ሰው ነኝ» አለና ጭንቅላቴን ሳይለቅ አለቀሰ። እንባው ግንባሬ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

አመንኩ። ለምን አላምን? ወታደር ቤት ያደረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ጓደኛህ አጥር ዘሎ ከተማ ወርዶ ስሙ ሲጠራ ድምፅህን ለወጥ አድርገህ «አለሁ» ትልለታለህ። ሁላችንም አድርገነዋል፣ ለእኔም ተደርጎልኛል። የሙሴ ጭንቅላት የእናቱን መልክ ጥሎ ያን ልማድ እንዴት አስቀረ ብዬ ገርሞኝ ተውኩት። የተናደድኩት በእሱ ሳይሆን በፍንጣሪዋ ነበር።

ጭቃው ሳንባዬ ገብቶ ኖሮ ታምሜ ብዙ ሰነበትኩ። በየነች የጎደሬ ሾርባ እየሰጠችኝ፣ መድኃኒቴን እየቆጠረች አስታመመችኝ። ሙሴ እህቱ ቤት ነው የሚኖረው፣ ከአጥራችን ብዙም አይርቅም። በነጋታው ጧት መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሽ ካሣዬ፣ ይቅር በለኝ።»

«ለምኑ?»

«እሱን አላውቅም። ግን በድዬሃለሁ። ሲነጋ ሆዴን ያስጨንቀኛል።»

«ተወው ባክህ፣ ሂድ ቁርስህን ብላ» አልኩት። በማግሥቱም መጣ። ከዚያም በማግሥቱ። ቁርስ በልቶ እንደሆነ አያውቅም፤ የእህቱን ልጆች ስም ሁሌ ይጠይቃል። ይህችን ግን ይዟታል። ነገሩ ከጭንቅላቱ ወጥቶ ጭንቀቱ ሆዱ ውስጥ ቀርቶበታል። ጉንጩ እየሰረጎደ ሄደ። እህቱ ማታ ማታ እህል አልወስድ እንዳለ ነገረችን።

አንድ ቀን በየነች በማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና እየገለበጠች «እኔ ይህ ነገር አልዋጥልኝ አለ» አለችኝ።

«የቱ?»

«ሙሴን በስሙ ስጠራው ‹እኔን ነው?› ሳይል መልሶልኝ አያውቅም። የራሱ ስም ተጠርቶ የሚያመነታ ሰው፣ የአንተ ስም ሲጠራ እንዴት ወዲያው መለሰ?»

በየነች እንደዚህ ናት፤ እሷ የምትናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ እኔ እንቅልፍ አጣለሁ።

እንደተሻለኝ ደቦው የገሠሠ ቡና ጋ ነበር፣ በሸኮ መንገድ። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። ባምላኩ አቀፈኝ፣ ጌታ ይመስገን አለ፤ ገሠሠ ጥሩ ቅርጫት መርጦ ሰጠኝ። እነዚህን ሰዎች ልፈትናቸው መሆኑ አሳፈረኝ። ግን ሙሴን በእጁ ይዤ አጠገቤ አቆምኩትና አንድ ዛፍ ላይ አብረን መልቀም ጀመርን።

«ገሠሠ!» አለ ባምላኩ ከላይ በኩል።

«አለሁ!»

«ካሣዬ!»

ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ሙሴን አየሁት። ሙሴ አፉን ገጥሞ ያየኛል። አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም ተባለ። እባካችሁ ሩጡ፣ አልኩ በሆዴ። እባካችሁ አስደንግጡኝ።

«አለሁ!» አለ ድምፁ፣ ከወደ ገሠሠ በኩል።

«ሙሴ!» አለ ባምላኩ።

ሙሴ አልመለሰም። እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝና በሹክሹክታ «አንተ እኮ እዚህ ነህ» አለኝ። «እዚያ ያለው ማነው?»

ለሙሴ ዝምታ ሮጡ። ቅርጫት ሲወድቅ፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ፤ እያለከለኩ ደረሱ። ሁለታችንንም ቆመን ሲያገኙን ነገሩ ገባቸው። የባምላኩ ፊት አመድ መሰለ።

«ማነው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ገሠሠ።

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀንም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

የመለሰው ባምላኩ ነው። «ካለፈው ዓመት ለቀማ ጀምሮ» አለ።

ካለፈው ዓመት! እኔ እያፏጨሁ የለቀምኩበት ጊዜ ሁሉ ማንም አልጠበቀኝም ማለት ነው። አንዳንዴ ከእኔ «አለሁ» ጋር ሌላ «አለሁ» ሲደራረብ ሰምቼ የገደል ማሚቶ ነው ብዬ አልፌው ነበር። የገሠሠ ቡና ግንድ ሥር ተቀመጥኩ።

«ትዘገያለህ፣ ጋሼ» አለ ገሠሠ። «ደህና ሆነህ እንኳ ምላስህ እስክትፈታ ትቆያለህ። ያችን ጸጥታ አልችላትም። ግንባር ላይ ከውጊያው በኋላ ሻምበሉ ስም ሲጠራ ነበር። ይጠራል፣ ዝም። ይጠራል፣ ዝም። ያንተ ስም ተጠርቶ ዝም ሲባል እኔ ቡና ውስጥ አይደለሁም፣ እዚያው ነኝ። አንድ ቀን ሳላስበው መለስኩልህ፣ አለፈልኝ። ከዚያ ለመደብኝ።»

አዘንኩለት። አንቄ ልገድለውም ፈለግሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የተሰማኝ።

«አንተስ?» አልኩት ባምላኩን። «ድምፁን ለይተኸው ነበር?»

«ለይቼዋለሁ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ብዙ ጊዜ ደህና ነበርክ፣ ካሣዬ። ሮጠን ስንመጣ ቆመህ ስትለቅም ነው የምናገኝህ። እኔ በሮጥኩ ቁጥር ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል። ገሠሠ ሌሊቱን ሲጮህ ያድራል። ሰው ነን፣ ይደክመናል።»

«ደከመን አትሉኝም? እቤቴ እቀመጥ አልነበር? ሚስቴ አጥር ሥር ትጠብቀኝ አልነበር? እኔ እኮ እናንተን አምኜ ነው ወደ ጫካ የገባሁት!»

ባምላኩ ባርኔጣውን በእጁ አጣመመ።

«ሙሴንስ?» አልኩ። «እሱን ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ነገ ይረሳዋል ብለን ነው» አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ አለ። «ገሠሠ ያን ቀን ሰው ቢቆጣው በራሱ ላይ አንድ ነገር ያደርግ ነበር፣ ዓይኑን አይቼዋለሁ። ሙሴ ግን ይረሳዋል፣ ማንም አይጎዳም አልኩ። ጸልዬበት ነው የተውኩት።»

«ጸልየህበት!»

ሙሴ እዚያው ቆሞ አንዱን ቀይ ቡና በጣቱ እያሻሸ ነበር። «ምንድነው የምረሳው?» ብሎ ጠየቀ።

ቅርጫቴን ገልብጬ ደፋሁት፣ ሙሴን በእጁ ያዝኩና ወጣሁ። ገሠሠ «ጋሼ!» ብሎ ጠራኝ፤ ዞር አላልኩም።

በመንገዱ ላይ ለሙሴ ሁሉንም ነገርኩት። አንተ አይደለህም፣ ገሠሠ ነው። አንተማ ያዳንከኝ ሰው ነህ፣ ከቦይ ያወጣኸኝ አንተ ነህ አልኩት። ቆመና አፉን ይዞ ሳቀ። «እኔ አይደለሁም! እኔ እኮ አይደለሁም!» እያለ ዝናብ እንዳየ ልጅ ዘለለ። እህቱ ቤት ድረስ እየሳቀ ሄደ። እኔም ቢያንስ አንዱን ነገር አቃናሁት ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

በማግሥቱ ጧት በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ካሣዬ፣ ይቅር በለኝ።»

እውነቱን እንደገና ነገርኩት። ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ትንሽ ፈገግ አለ። በማግሥቱ ደግሞ መጣ። አስቀምጬ አስረዳሁት፣ በመድኃኔ ዓለም ማልኩለት። እኔ ደጅ ላይ ቆሜ የከዱኝን ሰዎች ስም በየጧቱ እደጋግማለሁ፤ እሱ ከሰዓት ይረሳቸዋል፣ ጭንቀቱ ግን ሌሊቱን አድሮ ይነሣል። እውነቱ አንድ ሌሊት የማያድርለት ሰው ሆነ። የእነዚያ ውሸት ግን አደረ፣ ከረመ።

«አንተ ሰው፣ ይቅር ብዬሃለሁ በለውና ይረፍ» አለችኝ በየነች።

«ምን አድርጎኝ?»

«ምንም አላደረገህም። የሚለምንህ ግን ይቅርታ ነው።»

«ይቅር ካልኩት እኮ ጥፋቱ የሱ ሆነ! እነሱ ያሉት ልክ ሆነ ማለት ነው! በራሴ አፍ አተምኩላቸው ማለት ነው!»

«እሱስ እስከ መቼ ይራብ?» አለች።

ተጣላን። ሳምንት ያህል በቅጡ አልተነጋገርንም። የቀረኝ አንድ ነገር እውነቱ ነበር፤ እሱንም ልነጠቅ ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ሙሴ ግን መምጣቱን አልተወም።

አንድ ጧት ዶፍ ይጥላል። በሩን ስከፍት ሙሴ በሸሚዝ ብቻ፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ቆሟል። ግባ ስለው አልገባም አለ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ የአንገቱ አጥንት ወጥቷል። «ይቅር እስክትለኝ አልገባም» አለ። ምሽግ የተደረመሰበት፣ እኔን ከጭቃ ያወጣኝ ሰው፣ ባልሠራው ነገር ዝናብ ይመታዋል።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት።

እንደ መርዝ ነው የመረረኝ። ሙሴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመኝ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር። ገባ፣ በየነች ያቀረበችለትን ጎደሬ ሙልጭ አድርጎ በላ፣ ሌላም ጠየቀ። በማግሥቱ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም። ገበያ ላይ ሳገኘው «ጋሽ ካሣዬ! ለቀማ መች ነው?» እያለ ይስቃል፤ ጉንጩ ሞልቷል። ባምላኩና ገሠሠ ግን ይቅርታ ልንጠይቅህ ብለው ደጄን አልረገጡም። አፍረው ይሆናል። ወይም ሙሴ ይቅር ተብሏል ሲባል ሰምተው ነገሩ ያለቀ መስሏቸዋል።

አሁን የምለቅመው አጥሩ ሥር ያሉትን ዛፎች ብቻ ነው፣ በየነች ከቡናው አልጋ ሆና የምታየኝን ያህል። ወደ ውስጥ ያለው ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ መሬት እየወደቀ ነው፤ ዝንጀሮ ይበላዋል።

ባለፈው ሐሙስ ከወንዙ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። በባምላኩ ቡና ውስጥ የመጨረሻው ለቀማ ላይ ናቸው።

«ገሠሠ!»

«አለሁ!»

«ሙሴ!»

ትንሽ ቆይቶ፣ «እኔን ነው? አለሁ!»

ሄዶላቸዋል። ምን ያደርግ፣ ምን እንዳደረጉት አያውቅ። በየነች ቀና ብላ አየችኝ። እጄ ቅርንጫፉ ላይ ቀርቷል።

«ካሣዬ!» አለ ባምላኩ።

ልማድ ሆኖበት ይሁን፣ እንድሰማው ብሎ ይሁን አላውቅም። ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ፣ አላፍርም፣ ልመልስለት ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ እንደ ልማዷ ተሳሰረች፣ ታገልኳት።

«አለሁ!» አለ ገሠሠ።

ባምላኩም ደግሞ አልጠራኝም።